ቅስና ያሰብክ ዲያቆን፣ ከትዳሩ ጀምር

መንዝም ኑር ቡልጋ፣ ዲያቆን ሆነህ ዕድሜህ ሃያን ሲሻገር «መቼ ነው የምትቀስሰው?» መባል ይጀምራል። እናትህ ትጠይቅሃለች። ጎረቤት ይጠይቅሃል። የደብሩን አገልግሎት የሚያስተባብሩት ቄሰ ገበዙም ቀዳሽ ባጡ ቁጥር ይጠይቁሃል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ የገጠር ደብር ደግሞ ሁለተኛ ቄስ የሚያጣበት ጊዜ አለ። አንተ ግን መጀመሪያ ሌላውን ጥያቄ መልስ። ታገባለህ ወይስ ትመነኩሳለህ?

በእኛ ሥርዓት አግብቶ ይቀሰሳል እንጂ ቀስሶ ማግባት የለም። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጳጳሱ ክህነት ሊሰጡ ነው ሲባል ቶሎ ብሎ ያገኙትን ማግባት አለ። ይሄን አታድርግ። ሚስትህ ብትሞት እንኳ ሌላ ማግባት የለም፣ ብታገባ ክህነትህ ይፈርሳል። ስትጣላም እንደ ሌላው ሰው ተፋትቶ ሌላ መሞከር የለም። እንዲህ ያለ ትዳር በጥድፊያ አይገባም።

ልጅቷን ስታገኝ፣ ከሽማግሌው በፊት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ አውሩ። «ቄስ ልሆን ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ሰሙንህ፣ ማለትም የአገልግሎት ሳምንትህ፣ ሲደርስ ቤትህ እንደማታድር ንገራት። ለቅዳሴ 18 ሰዓት እንደምትጾም፣ በዓል ሲሆን ሰው ሁሉ ቤቱ ሲሰበሰብ አንተ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሆንና እንግዳውን እሷ እንደምታስተናግድ ንገራት። በሌሊት «ሰው እያጣጣረ ነው» ብለው ሲጠሩህ በዚያ በመንዝ ብርድ ተነስተህ ትሄዳለህ። የገጠር ቄስ በደሞዝ ብቻ አይኖርም፣ ያርሳል፤ እሷም አብራህ ትለፋለች። ሰው የተናዘዘልህን ደግሞ ለእሷም ቢሆን አትነግራትም። ይሄን ሰምታ «ላስብበት» ካለች ጎበዝ ናት፣ ጊዜ ስጣት።

ጋብቻው በተክሊልና በቁርባን ነው፣ ሁለታችሁም በድንግልና። ከዚያ በፊት ከወደቅህ ዲቁናው ፈርሷል። ያኔ ይሉኝታ ይዞህ ተደብቀህ መቅደስ እንዳትገባ። ለንስሐ አባትህ ተናገር፣ አገልግሎቱን አቁም፣ ንስሐህን ፈጽም። እንደ ምእመን መኖርም ክርስትና ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ግን ይሄን እንደ ውርደት ስለሚያየው ልጁን ወደ ውሸት ይገፋዋል።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያምና ግብረ ዲቁና ለዲቁናው ተምረሃል ብዬ ልያዝ። አሁን ግብረ ቅስናውን፣ ማለትም የቄሱን የቅዳሴ ድርሻ፣ ያዝ። ቅዳሴያቱ 14 ናቸው፤ ዘወትር ከሚቀደሱት ጀምረህ ቀስ እያልክ ሂድ። ከየኔታ ፊት ተቀምጠህ ተማር። ስልክ ላይ የተቀዳ ዜማ ለማስታወስ ይረዳል፣ ስትስት ግን አያርምህም። ደግሞ ዜማው ብቻ አይደለም፤ የምትለውን ግእዝ ትርጉሙን እወቅ። ሰው በኋላ የሚጠይቅህ ስለ ልጁ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ጠቡ ነው። መጽሐፍ ካላነበብክ ምን ትመልስለታለህ?

ወረቀቱ ቀላል ነው። የየኔታህ ምስክርነት፣ የንስሐ አባትህ ቃል፣ ከሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ፣ ከዚያ ወረዳ ቤተ ክህነት። የቀረውን እዚያው ይነግሩሃል። ክህነት የሚሰጠው ጳጳስ ብቻ ነው። ድሮ አቡኑ የሚመጡት ከግብፅ ስለነበር ክህነት ፈላጊ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ደጅ ይጠና ነበር። የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ (እጨጌ) የነበሩት አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ፤ ዛሬ ሀገረ ስብከቱ ደብረ ብርሃን ነው፣ በአውቶቡስ ደርሰህ ትመለሳለህ። ስለዚህ «ይሄ ዕድል ካመለጠኝ» ብለህ አትጨነቅ። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ብሎታል። ፈታኞቹ «ገና ነህ፣ ተማር» ካሉህ ሰው ፈልገህ አታስለምን፤ ወደ የኔታ ተመለስ።

ከተሾምክ በኋላ ወዲያው ገባሬ ሰናይ፣ ማለትም ቅዳሴውን የሚመራው ቄስ፣ ልሁን አትበል። ከአንድ አረጋዊ ቄስ ጋር ንፍቅ (ረዳት ቄስ) ሆነህ ቀድስ፣ እጃቸውን እያየህ። የንስሐ ልጅ መያዙንም አትቸኩልበት። ሰው «አባቴ ሁኑኝ» ብሎ ሲመጣ፣ የቀድሞ ንስሐ አባቱን ለምን እንደተወ መጀመሪያ ጠይቀው፤ ተቆጥተውት ብቻ ከሆነ ወደሳቸው መልሰው።