የድምፅ ማጉያችን ጉርምርምታ እንዴት ጠፋ
ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ሐይቅ ከተማ በክረምት በበጎ ፈቃደኝነት በምናዘጋጀው የቴአትር ሳምንት፣ ተዋናዮች ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው «እምምም» የሚል ጉርምርምታ እየወጣ ንግግራቸውን ይሸፍነው ነበር። ማይክሮፎኖቹ ሁሉ ሲነቀሉ አልጠፋም፤ ሚክሰሩን (ድምፆችን የሚቀላቅለውን መሣሪያ) ከአምፕሊፋየሩ (ድምፁን አጉልቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ከሚልከው) የሚያገናኘው ገመድ ሲነቀል ግን ወዲያው ጸጥ አለ። ሚክሰሩ ከተመልካቹ ጀርባ፣ አምፕሊፋየሩ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከተለያየ ሶኬት ኃይል ይወስዱ ስለነበር፣ የመሬት ሽቦዎቻቸው (ለደኅንነት ከመሬት ጋር የሚያያይዟቸው) እና የድምፁ ገመድ አንድ ቀለበት ፈጥረው 50 ኸርዝ የሆነውን (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን) የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ድምፁ ያስገቡ ነበር። ሁለቱንም ከአንድ ባለመሬት ማከፋፈያ ላይ ስሰካቸው ችግሩ ተወገደ። አንዳንዶች የመሬቱን ሽቦ ይቆርጣሉ፤ ይህ ጉርምርምታውን ቢያጠፋም፣ እርጥብ መድረክ ላይ ማይክሮፎን የያዘን ልጅ ለ220 ቮልት የሚያጋልጥ በመሆኑ ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ አሳስባለሁ።