ሞተሪኖው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

አሮጌ የፎልክስዋገን ካምፐር፣ ማለትም የሚታደርባት መኪና፣ ያለው ሰው ይህችን ድምፅ ያውቃታል። ቁልፉን ያዞራል፣ «ቀጭ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም። የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1974 ሞዴል ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ላይ ቡና አፍልተን ጠጥተን ልንሄድ ስንል እምቢ አለች። ልጆቹ ገፍተው አስነሷት። በዚያ ዓመት የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር፣ ለመግዛት መሮጥ ነው። እኔ በአንድ በጋ ሁለት ቀየርኩ። ሦስተኛውን ላዝ ስል፣ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጨረሱት የባለቤቴ አጎት ሊጠይቁን መጡ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና «አንተ ልጅ፣ ሞተሪኖው ምን በደለህ?» አሉኝ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው አካል ላይ አድርገው «በል አስነሳ» አሉ። 3 ቮልት ግድም አነበበ። ጤነኛ ቢሆን ግማሽ ቮልት እንኳ ባልሞላ ነበር።

ለካ ጥፋቱ የማሳው፣ ማለትም ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ፣ ነው። በዚህች መኪና ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ኤሌትሪክ በማያሳልፍ የላስቲክ ትራስ ላይ ስለተቀመጡ፣ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ካምቢዮው አፍንጫ ላይ የታሰረ አንድ የተጎነጎነ ገመድ ነው። የእኔው አረንጓዴ ሆኖ፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ማሳ ሲበላሽ ኤሌትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የነዳጁን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ያገኝና ያግለዋል። ባለቤቴ «ከመርገጫው በኩል የተቃጠለ ይሸተኛል» ስትል ስቄባት ነበር። የአዲሱ ገመድ ዋጋ ከአንድ ፒዛ አይበልጥም። ስታስሩት ግን ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት።

ባትሪውን ሳይለኩ ሌላ ነገር መንካትም ያው ነው። ሞልቶ ባረፈበት 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ስታስነሱ ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውንና ጫፎቹን እዩ። ፍሪጁን ሌሊቱን ሙሉ ከዚያው ባትሪ ላይ ያሠራ ሰው ጠዋት ሞተሪኖውን ባይረግም ጥሩ ነው።

ስትቀዘቅዝ ትነሳለች፣ ነዳጅ ቀድታችሁ ስትመለሱ ግን እምቢ ትላለች። ብዙ ሰው «ሞተሪኖው በሙቀት አለቀ» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መንገዱን አስቡት። ባትሪው ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ነው። ሶሌኖይዱን፣ ማለትም ሞተሪኖው ላይ ያለውን የኤሌትሪክ ማግኔት ማብሪያ፣ የሚያዘው ኤሌትሪክ መኪናዋን ሙሉ ወደ ፊት ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፤ ያውም ሃምሳ ዓመት ባገለገለ ቀጭን ሽቦ። የመዳብ ተቃውሞ ደግሞ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲጨምር ሩብ ያህል ይጨምራል። ጭስ ማውጫው አጠገብ የጋለው ሶሌኖይድ በዚያች በተረፈችው ኤሌትሪክ መሳብ ያቅተዋል። መፍትሔው ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ማሰር ነው። አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ሪሌው ከወፍራሙ ሽቦ በአጭሩ ለሶሌኖይዱ ያቀብላል። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ማሳውን ሳታስተካክሉ ሪሌ መግጠም ግን በቁስል ላይ ልብስ መደረብ ነው።

አንዱ ስህተት ቀልድ የለውም። ከሥር ገብቶ የሶሌኖይዱን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ እያገናኙ ማስነሳት የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ማርሽ ውስጥ ከሆነች ግን መኪናዋ እናንተ ላይ ትሄዳለች። ዜሮ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ብልጭታው አይቀርም።

ሞተሪኖው በእርግጥ ካለቀስ? ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚዞረው ካምቢዮው ውስጥ ባለች ትንሽ የነሐስ ቡሺንግ (የዘንጉ ማረፊያ ቀለበት) ላይ ነው። አሮጌዋን ትቶ አዲስ ሞተሪኖ የሚገጥም ሰው፣ አዲሱም እየተጎተተ ሲዞር ይገረማል። አብራችሁ ቀይሯት። ከ6 ቮልት ወደ 12 የተለወጠች የቆየች መኪና ካላችሁ ደግሞ ሞተሪኖው የሚያዞረውን የፍላይዊሉን (የትልቁን ክብ ብረት) ጥርስ ሳትቆጥሩ አትግዙ፤ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ የለውም፣ ቁልፉ ጠፍቶም ኤሌትሪክ አለው። አጎታችን ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ እንኳ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ቁልፉን ዘግተው ነው ከሥር የሚገቡት።