የገጠር ትራንስፖርት ሲታቀድ ገበሬውን እንዴት እናስብ?

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። በብዙ ቦታ መንገዱ ደርሷል፤ መኪናው ግን አልተከተለውም። ገበሬው ዛሬም ጆንያውን በአህያ ጭኖ በጠጠር መንገዱ ዳር ይሄዳል። ወረዳ ላይ እቅድ የምታወጡ፣ ወይም በቀበሌ ስብሰባ እቅድ የሚቀርብላችሁ ሰዎች ይህን ብታዩት ይጠቅማችኋል።

ሥራው ከቆጠራ ይጀምራል። ይህ ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር እምብዛም አይጠቅምም። «መንገድ ትፈልጋለህ?» ተብሎ «አልፈልግም» የሚል ገበሬ የለም። ይልቅ በገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ የእግር መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቁሙ። የሚያልፈውን ሰው ከነጭነቱ መዝግቡ፦ ስንት አህያ፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት ሴት በጀርባዋ ተሸክማ።

ሰው ብቻ ከቆጠራችሁ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ የሚበቃ ይመስላል። ግን አንዷ እናት ሁለት ዶሮ፣ አንድ ቅርጫት እንቁላልና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይዛለች። ረዳቱ ወይ የፈለገውን የጭነት ሂሳብ ይጠይቃታል፣ ወይ ጥሏት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላም እዚያው ቁሙ። የመልሱ ጭነት ሌላ ነው፤ ጨው፣ ዘይት፣ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ።

በበጋ ብቻ የተሠራ ቆጠራ ደግሞ ያሳስታል። ጣና ሐይቅ አጠገብ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንውሰድ። በጥር ሜዳው ደረቅ ነው። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይፈሳሉ። ገበሬው ማዳበሪያ የሚፈልገው ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ነው። ስለዚህ በክረምት እንደገና ውጡ። የሳተላይት ካርታ መስመር ለመምረጥ እወደዋለሁ፤ ጭቃው የት እንደሚይዝ ግን የሚያውቀው የአካባቢው ባለጋሪ ነው።

ቆጠራው ካለቀ ወደ መኪና ስምሪቱ ሂዱ። ለገበያ ቀን ፖርቶ መጋላ ያለው ቅጥቅጥ ወይም አይሱዙ እንዲመደብ ጠይቁ። የመመለሻው ሰዓት ገበያው ከሚበተንበት ጋር ይግጠም። የጭነት ታሪፉ በኩንታል ተጽፎ ይለጠፍ።

መናኸሪያው ገበያው አጠገብ ይሁን። ከገበያው ርቆ የተሠራ መናኸሪያ አይቻለሁ። ገበሬው ከመኪና ወርዶ ሌላ ጋሪ ይከራያል፤ የሽንኩርቱ ትርፍ እዚያው ያልቃል። ፌርማታው ጥላ፣ ጭነት ማውረጃና የአህያ ማሰሪያ ቢኖረው ወጪው ትንሽ ነው።

አሁን ከመንገዱ ወደሚወርደው የዝናብ ውሃ። መሐንዲስ ውሃው ከመንገዱ ላይ እንዲወርድ ይፈልጋል፤ ገበሬ የሚጨነቀው የት እንደሚወርድ ነው። ተበትኖ ይወርድ የነበረ ጎርፍ መንገዱ ሥር ባለ በአንድ ቱቦ ተሰብስቦ ማሳ ላይ ሲለቀቅ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የማያሻግር ቦረቦር ይፈጠራል። አፈሩ ከነዘሩ ይሄዳል። ስለዚህ የቱቦው ቦታ ከመወሰኑ በፊት ከማሳው ባለቤት ጋር መስመሩን በእግር ሂዱ። ጎርፉ ድሮ የሚወርድበትን እሱ ያሳያችኋል። ቱቦው የተፈጥሮ ጅረት ላይ ይውጣ፤ ካልሆነም ከመውጫው ጀምሮ እስከ ጅረቱ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ይሠራ። የቦዩን ወጪ መጀመሪያውኑ በጀት ውስጥ አስገቡት። «በኋላ እንሠራዋለን» ከተባለ አይሠራም።

ከብት መንገዱን የት እንደሚሻገር እረኞቹን ጠይቁ።

መሬቱ ለሚነካበት ገበሬ የካሳው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ነው። ባህር ዛፉና ጌሾው ከመቆረጡ በፊት ባለቤቱ ባለበት ይቆጠር፤ የቆጠራው ቅጂም ያኔውኑ በእጁ ይሰጠው።