የሮክ ባንድ አድናቂዎች ክበብ አባል ከመሆንዎ በፊት፦ የትኬት አከፋፈሉ ፍትሐዊ መሆኑን እንዴት እንደሚያጣሩ

አንድ ታላቅ የሮክ ባንድ የኮንሰርት ጉዞ እንደሚጀምር ሲታወቅ የአድናቂዎቹ ክበብ በአዳዲስ አባላት ይጥለቀለቃል። ከእነዚህ ውስጥ ለካናቴራው ወይም ለአባልነት ካርዱ ብሎ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው፤ የሚፈለገው ትኬት ነው። ክበቡ የሚሸጠው ግን ትኬት ሳይሆን ወረፋ ነው። ከፍለው የሚያገኙት ከሌላው ሕዝብ ቀደም ብሎ በሚከፈት ወረፋ ላይ የመቆም መብት ሲሆን፣ ወረፋው በምን ደንብ እንደሚመራና መጨረሻው ላይ ስንት ትኬት እንዳለ ብዙውን ጊዜ በግልጽ አይነገርም።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ለዓመታትም የተለያዩ ባንዶች ክበብ አባል ሆኜ ቆይቻለሁ። ክበቦችን አልጠላም። እንዲያውም በደንብ የተያዘ ክበብ ተራው አድናቂ ከአየር በአየር ነጋዴ ጋር ሳይጋፋ ትኬት ከሚያገኝባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ግን በደንብ የተያዘ አይደለም። ስለዚህ የባንክ ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ክበቡ የባንዱ መሆኑን ያረጋግጡ

በፍለጋ ያገኙትን ገጽ አይመኑ። ከባንዱ ዋና ድረ ገጽ ተነሥተው ወደ ክበቡ ይግቡ። በዚያው አባልነቱ ነፃ ይሁን በክፍያ ይመልከቱ፤ ለምሳሌ የሜታሊካ ክበብ ድሮ በክፍያ ነበር፣ አሁን ግን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይመዘገባል። ነፃ መሆኑ ደስ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ቅድመ ሽያጩ ላይ የሚሰለፈው ሰው እጅግ ብዙ ነው ማለት ነው። ነፃ ክበብ ውስጥ ለመመዝገብ ማሰብ አያስፈልግም፤ ይመዝገቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ገንዘብ ለሚጠይቁት ነው።

2. ትኬቱ በምን ደንብ እንደሚከፋፈል ይወቁ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ክበቦች ትኬት የሚያከፋፍሉባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ሽሚያ፣ ዕጣ እና ቀደምትነት። ብዙዎቹ ሁለቱን ይቀላቅላሉ።

ሽሚያ የሚባለው ለአባላት ሁሉ የሚስጥር ቁጥር ይላክና በተወሰነ ቀንና ሰዓት የቀደመ የሚገዛበት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ አይደለም። በዚያ ሰዓት መኪና የሚያሽከረክር ሹፌር፣ ተረኛ ነርስ፣ ስልክ የማያስይዝ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከውድድሩ ውጭ ነው። በዚያ ላይ ቦት የሚባሉት ትኬት ለቃሚ ፕሮግራሞች አሉ። አሜሪካ እነዚህን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ብታወጣም ከገበያው አልጠፉም።

ሽሚያ ምን ያህል እንደሚያስከፋ ለማየት የአየርላንዱን ባንድ የዩቱን (U2) እ.ኤ.አ. የ2005 ጉዞ ማስታወስ ይበቃል። አባላት 40 ዶላር እየከፈሉ የቅድመ ሽያጭ ቁጥር ተቀበሉ። ቀኑ ሲደርስ ግን ለዓመታት ባንዱን የተከተሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ ወይም የማይረባ ቦታ ደረሳቸው፤ ትላንት የተመዘገበ የአየር በአየር ነጋዴ ደግሞ እኩል ዕድል ነበረው። ቁጣው ከመበርታቱ የተነሣ የባንዱ ከበሮ መቺ ላሪ መለን በዚያው ዓመት በግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ አድናቂዎችን ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ በተደረጉ ጉዞዎች ባንዱ የቆዩ አባላት ቀድመው የሚገዙበትን ጊዜ ለይቶ መድቧል። ስሕተቱን በአደባባይ አምኖ ደንቡን የለወጠ ባንድ አከብራለሁ።

ዕጣ ሲሆን ለተወሰኑ ቀናት ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃም ያመልክቱ በመጨረሻው ቀን ማታ ለውጥ የለውም። የዚህ አሠራር ቅድመ አያት የግሬትፉል ዴድ የፖስታ ሽያጭ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አድናቂዎች በፖስታ እየጻፉ ትኬት እንዲጠይቁት አደረገ። የፖስታው መጠን፣ ጥያቄው የሚጻፍባት ትንሽ ካርድ፣ ገንዘቡ የሚላክበት የክፍያ ሰነድ፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ አንዱ ከጎደለ ጥያቄው ይመለሳል። አድናቂዎቹም ፖስታውን በቀለም እያስጌጡ ይልኩ ነበር። ዛሬ የዴቭ ማቲውስ ባንድ ክበብ የሆነው ዌርሃውስ አባላቱ ያለ ጥድፊያ ጥያቄ የሚያስገቡበትን ጊዜ ይሰጣል፤ መንፈሱ ያው ነው።

ዕጣ ስል ግን የእኛን እቁብ እንዳያስቡ። እቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ ክበብ ውስጥ በየጉዞው ዕጣው እንደ አዲስ ይጣላል፣ ተከታትሎ ሊያልፍዎትም ይችላል።

ሦስተኛው ቀደምትነት ነው። የሲያትሉ ፐርል ጃም በዚህ የታወቀ ነው። በባንዱ ቴን ክለብ የአባልነት ቁጥርዎ ባነሰ፣ ማለትም ቀደም ብለው በተመዘገቡ መጠን ወደ መድረኩ የቀረበ መቀመጫ ያገኛሉ፤ ትኬት ማግኘት አለማግኘትዎ ግን በዕጣ የሚወሰንባቸው ጉዞዎች አሉ። ይህ ባንድ በትኬት ጉዳይ ላይ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በትኬት ሻጩ ኩባንያ በቲኬትማስተር ላይ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤት ብሎ፣ የባንዱ አባላት ስቶን ጎሳርድና ጄፍ አሜንት ኮንግረስ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሚኒስቴሩ በማግስቱ ዓመት ምርመራውን ያለ ውጤት ቢዘጋውም፣ ባንዱ ለአድናቂው ተቆርቋሪ የሚል ስም አትርፏል።

ፍርዴን ልናገር። ማን ትኬት ያግኝ የሚለው በዕጣ፣ ማን የት ይቀመጥ የሚለው በቀደምትነት ቢወሰን ከሁሉ የተሻለ ፍትሕ ይመስለኛል። ቀደምትነት ሁሉንም ከወሰነ ዛሬ 19 ዓመት የሞላት ልጅ ከ1990ዎቹ አባል ጋር መቼም ልትስተካከል አትችልም፤ ጥፋቷ ዘግይታ መወለዷ ብቻ ነው። ዕጣ ሁሉንም ከወሰነ ደግሞ 20 ዓመት ሙሉ የከፈለ ሰው ታማኝነቱ ምንም አልፈየደለትም። ሽሚያን ግን በምንም መንገድ ልከራከርለት አልችልም። ገንዘብ ተቀብሎ አባላቱን በፍጥነት የሚያወዳድር ክበብ ለአባሉ ምንም አላደረገለትም።

ደንቡን ለማግኘት የክበቡን የጥያቄና መልስ ገጽ እስከ ታች ያንብቡ። «ትኬት የመግዛት ዕድል» እና «የተረጋገጠ ትኬት» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ የመጀመሪያውን በብዛት፣ ሁለተኛውን እጅግ አልፎ አልፎ ያገኛሉ። አንድ ሰው በስንት አባልነት ሊያመለክት እንደሚችልም ይፈልጉ። በአንድ ስም አሥር አባልነት መግዛት የሚፈቅድ ክበብ በሩን ለነጋዴ ከፍቷል። ገጹ ላይ ካጡት በኢሜይል ይጠይቁ። አጭር ጥያቄ ጠይቄ መልስ ላልሰጠኝ ክበብ አልከፍልም፤ እርስዎም አይክፈሉ።

3. የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን ያጣሩ

በቅድመ ሽያጩ መሳተፍ የሚችለው እስከ አንድ የተወሰነ ቀን ድረስ አባል የሆነ ሰው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዴም ያ ቀን ጉዞው ይፋ የሆነበት ዕለት ራሱ ነው። አንድ ወዳጄ ማስታወቂያውን ሰምቶ በማግስቱ ከፈለ፤ ካርዱ ደረሰው፣ መጽሔቱ ደረሰው፣ የቅድመ ሽያጭ ቁጥሩ ግን አልመጣም። ሲጠይቅ በአንድ ቀን እንደዘገየ ነገሩት፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። ክበቡ የክፍያ ገጹ ላይ ይህን በጉልህ ሊጽፍለት ይገባ ነበር።

ቀኑ መኖሩ ግን በራሱ መልካም ምልክት ነው። ነጋዴው ጉዞው ከታወቀ በኋላ እየተመዘገበ ወረፋውን እንዳያጨናንቅ ያደርጋል። ጉዞው ከታወቀ በኋላም «አሁኑኑ አባል ይሁኑና ቀድመው ይግዙ» እያለ የሚጠራ ክበብ ካዩ፣ የቆዩ አባላቱን ዕድል ለአዲስ መጤ እየቸረቸረ መሆኑን ይወቁ።

4. ስሌቱን ራስዎ ይሥሩ

ባንዱ ለክበቡ የሚያገኘው ከአዳራሹ ጥቂቱን እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳራሾች ትኬታቸውን ለአንድ ሻጭ ኩባንያ ብቻ ለመስጠት የውል ግዴታ ስላለባቸው፣ ባንዱ ራሱ የሚያከፋፍለው የተወሰነ ነው። 15,000 መቀመጫ ያለው አዳራሽ እንውሰድና ለክበቡ ከመቶ 10 እጅ ደረሰ እንበል፤ 1,500 ትኬት ነው። እያንዳንዱ አባል ሁለት ሲገዛ 750 አባላት ብቻ ይስተናገዳሉ። በከተማዎ ያሉት አባላት ስንት ሺህ ይሆናሉ? ባንዱ በሚኖሩበት አካባቢ ብዙ ምሽት ካልተጫወተ ለትኬት ብቻ ብለው መክፈል አያዋጣም። በትልቅ ከተማ ፋንታ አነስተኛዋን፣ በቅዳሜ ፋንታ ማክሰኞን መምረጥ ዕድልን ያሰፋል።

5. ስምዎን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ያድርጉ

ይህ በተለይ ለእኛ ሰዎች ያስፈልጋል። የነጋዴን እጅ ለማሳጠር ስም የሚጻፍባቸው ትኬቶች እየተለመዱ መጥተዋል፤ አይረን ሜይደንን የመሳሰሉ ባንዶች በአንዳንድ ጉዞዎቻቸው በር ላይ መታወቂያ ያስጠይቃሉ። የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል የነበረው ባንክ ካርዱ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ሰነድ የአባትን ስም ሲይዝ ሌላው የአያትን ይይዛል። ለክበቡ ሲመዘገቡ መታወቂያዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይገልብጡ። የሚከፍሉበት ካርድም በራስዎ ስም ይሁን፤ በባለቤትዎ ወይም በወንድምዎ ካርድ መክፈል ቤት ውስጥ ምንም አይደለም፣ በር ላይ ግን ያስቆማል።

6. የሽያጩ ቀንና ዋጋው

ቀድመው ወደ መለያዎ ይግቡ፤ የካርድ መረጃዎን ያስገቡ። ሰዓቱ ኮንሰርቱ በሚደረግበት ከተማ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ በእነሱ ከጠዋቱ 10 ሰዓት የሚባለው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የአገሮቹን የሰዓት ልዩነት ደግሞ ለብቻው ያስሉ። ከዱባይ ሆነው የለንደን ትኬት የሚገዙ ሰዎች ሁለቱን ሲያደባልቁ ሽያጩ ያልፋቸዋል።

ቅድመ ሽያጭ ማለት ቅናሽ ማለት አይደለም። እንደ ፈላጊው ብዛት የሚንር ዋጋ አሁን በብዙ ጉዞዎች ላይ አለ። በነሐሴ ወር 2024 የእንግሊዙ ባንድ ኦአሲስ እንደገና ሊመለስ ትኬት ሲሸጥ፣ ለሰዓታት የተሰለፉ ሰዎች 150 ፓውንድ ገደማ ብለው የጠበቁትን የቁም ትኬት ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የሚከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ ከነአገልግሎት ክፍያው ከመሰለፍዎ በፊት በወረቀት ይጻፉ። ሰዓት እየቆጠረ ባለ ገጽ ፊት ማንም በቅጡ አያስብም። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሻጮች ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት መጨረሻው ገጽ ላይ ብቅ ይል የነበረው ጭማሪ እጅግ ያናድድ ነበር።

ዋጋን ማን እንደሚወስን ማወቅም ይጠቅማል። ዘ ኪዩር በ2023 ጉዞው ርካሽ ትኬት አዘጋጅቶ የአገልግሎት ክፍያው በአንዳንዱ ላይ ከትኬቱ ዋጋ በልጦ ሲገኝ፣ ድምፃዊው ሮበርት ስሚዝ በአደባባይ ተሟግቶ ቲኬትማስተር ለተመዘገቡ አድናቂዎች 10 ወይም 5 ዶላር እንዲመልስ አድርጓል። ባንድ ከፈለገ ይችላል ለማለት ይህ ይበቃል። ፐርል ጃምም ቢሆን በቅርብ ጊዜ ጉዞዎቹ ዋጋቸው የሚለዋወጥ ውድ ትኬቶችን ለይቶ መሸጡ ብዙ የቆዩ አባላትን አስከፍቷል፤ እኔንም ጭምር።

7. ካልደረሰዎት

የቅድመ ሽያጭ ቁጥር ወይም የሌላ ሰው አባልነት በማኅበራዊ ገጽ አይግዙ፤ ክበቡ ሲደርስበት ትኬቱን ይሰርዛል፣ የሸጠልዎት ሰው ግን ገንዘቡን ይዞ ጠፍቷል። ይልቅ በመጀመሪያው ዋጋ ብቻ የሚገበያዩበት መለዋወጫ መኖሩን ይመልከቱ። ዘ ኪዩር ትኬቱ እንዳይተላለፍ ሲያደርግ ይህን አዘጋጅቶ ነበር፤ ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይና ኮሎራዶ ግን ትኬትን ማስተላለፍ መከልከልን ሕጋቸው ስለማይፈቅድ በእነዚያ ግዛቶች አልሠራም።

ተስፋ ለመቁረጥም አይቸኩሉ። መድረኩና የድምፅ መሣሪያው ከተተከለ በኋላ እይታ ይከልላሉ ተብለው ተይዘው የነበሩ መቀመጫዎች ይለቀቃሉ። ኮንሰርቱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዕለቱም ከሰዓት በኋላ ኦፊሴላዊውን የሽያጭ ገጽ ደጋግመው ይክፈቱ። ከዚያ የሚወጡት ትኬቶች አንዳንዴ ለክበቡ ከተሰጡት የተሻሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም የመጀመሪያው ነው።

ባንዱ ጉዞውን ጨርሶ ቢያርፍ አባልነትዎ በየዓመቱ በራሱ እየታደሰ ከካርድዎ ይቆረጥ ይሆናል። ከመሰረዝዎ በፊት ግን ሲያቋርጡ የቀደምትነት ቁጥርዎ ይጠፋ እንደሆነ ክበቡን ይጠይቁ። የሚጠፋ ከሆነና ባንዱን ከልብ የሚወዱት ከሆነ፣ በዝምታው ዓመታትም መክፈሉን እመርጣለሁ። የማይጠፋ ከሆነ ሰርዘው ጉዞ ሊኖር ነው የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ ይፋ ከመሆኑ በፊት ያድሱ።