ከፌትዬ እስከ ደምሬ በእንጨት ጀልባ፦ ዕረፍቱን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

የቱርክን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በመኪናም መጎብኘት ይቻላል። ግን ደስ ከሚሉት የባሕር ወሽመጦች ብዙዎቹ መንገድ አይገባባቸውም። ስለዚህ ጉሌት ይሻላል። ጉሌት ሁለት ወይም ሦስት ምሰሶ ያለው ሰፊ የእንጨት ጀልባ ነው። ካፒቴንና ምግብ አብሳይ አለው፤ የእናንተ ሥራ መብላት፣ መዋኘትና መተኛት ነው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ወቅቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አይቻልም፣ ወደቡም ይጨናነቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መስከረም፤ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም፣ ሰዉም ይቀንሳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ቀደም ብሎ ይጨርስ።

ለጀማሪ የሚመቸው ከፌትዬ የሚነሳው የ4 ቀን ጉዞ ነው። ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ዳላማን ነው። ማስታወቂያው «እስከ ኦሊምፖስ» (ከደምሬ በስተምሥራቅ ያለ የባሕር ዳርቻ ስፍራ) ቢልም ጀልባው ብዙ ጊዜ ደምሬ ላይ ይቆማል፤ የቀረው በመኪና ነው።

ከዚያ ጀልባውን ምረጡ። ጓደኛ ሰብስቦ ሙሉውን መከራየት ወይም ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ካቢን መያዝ ይቻላል። ሳትከፍሉ ጠይቁ፦ መጠጥ በዋጋው ውስጥ ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፣ ሂሳቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል? ሸራውስ ይዘረጋል? አብዛኛው ጉሌት በሞተር ነው የሚሄደው፤ ሸራው ለፎቶ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ዋና የማይችል ሰው የሕይወት አድን ጃኬት በልኩ መኖሩን ያረጋግጥ። የፍልሰታ ጾም ላይ ከሆናችሁ ለአብሳዩ ቀድማችሁ ንገሩት። ቱርኮች በወይራ ዘይት የሚሠሩት የአትክልት ምግብ ሞልቷቸዋል፤ ችግር የለም።

ሻንጣ አታምጡ፤ ካቢኑ ጠባብ ስለሆነ የሚታጠፍ ቦርሳ ይበቃል። ጫማ ስትሳፈሩ ይወልቃል። የመጸዳጃ ወረቀት ወደ ሽንት ቤቱ አይጣልም፣ ቱቦው ይደፈናል። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው መድኃኒቱን ሳይነሳ ይዋጥ፤ በተለይ ከኦሉዴኒዝ በኋላ ያለው «ሰባቱ ርእሶች» የሚባለው፣ መሬቱ ሾሎ ወደ ባሕሩ የሚገባበት ክፍል ይንጣል። ካፒቴኖች ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ሊያልፉት የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ጀልባው መልሕቅ ሲጥል ትንንሽ ጀልባዎች ሊጠጉ ይችላሉ። አንዷ ላይ ምጣድ ተጥዶ፣ ስስ ሊጥ እየተዳመጠ፣ አይብና ስፒናች ተጠቅልሎበት ይጋገራል። ጎዝሌሜ ነው። ምሳ በልታችሁም ቢሆን ግዙ፤ ትኩሱን ነው የሚያቀብሏችሁ።

ኬኮቫ ላይ አትቸኩሉ። በደሴቲቱ ዳርቻ በመሬት መንቀጥቀጥ በከፊል የሰጠመ ጥንታዊ ከተማ አለ። ደረጃዎቹ ከድንጋዩ ተጠርበው ወርደው ወርደው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ መዋኘት ክልክል ነው፣ ከጀልባው ሆኖ ማየት ነው። ማዶ ካሌኮይ የምትባል መንደር አለች፤ ከላይ ምሽግ፣ ከታች ባሕሩ ውስጥ ብቻውን የቆመ የሊቅያ (የዚህ ዳርቻ ጥንታዊ አገር) ዘመን የድንጋይ መቃብር።

ደምሬ ስትወርዱ የጥንቷ ሚራ ናት። በኒቅያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አንዱ እንደሆነ በትውፊት የሚነገርለት ቅዱስ ኒቆላዎስ ጳጳስ የነበረው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ሙዚየም ስለሆነ በትኬት ይገባል። ወደ ኦሊምፖስ የሚወስዳችሁ መኪና ግን ላይጠብቅ ይችላል፤ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ካፒቴኑን ከዋዜማው ጠይቁት።