የንጥረ ነገሮችን ምልክት ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ አያውቅም። «ሀ» የሰው ስም ሲጀምርም፣ ቃል መሃል ሲገባም ያው «ሀ» ነው። በዚህ ያደገ ተማሪ ካፒታልና ስሞልን እንደ እጅ ጽሕፈት አመል ቢያያቸው አይፈረድበትም። ኬሚስትሪ ግን አይምርም።

ሁለቱንም ፊደል ካፒታል ማድረግ። ከማርማቸው ደብተሮች ላይ በብዛት የማገኘው ይሄንኑ ነው። የኮባልት ምልክት ካፒታል ሲ እና ስሞል ኦ ነው። ኦን ካፒታል ስታደርጓት ኮባልትነቱ ይቀርና አንድ ካርቦንና አንድ ኦክስጅን የተጣመሩበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ። ኮባልት ጽፋችሁ መርዝ ሆነ ማለት ነው። ሃፍኒየምም እንዲሁ ነው፤ ኤፍ ካፒታል ከሆነች ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሆናል።

አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ኮባልት ነው የጻፍኩት!» ብሎ ሞገተኝ። ደብተሩን ሳየው ኦ ከሲ ጋር እኩል ቁመት አላት። ሲ፣ ኦ እና ኤስ ካፒታላቸውና ስሞላቸው በመልክ አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በመስመር ደብተር ላይ ስሞሏ የካፒታሏን ግማሽ ያህል ብቻ ትሁን።

ከእንግሊዝኛው ስም መገመት። ሶዲየምን ኤስ ኦ፣ ፖታሲየምን ፒ ኦ ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። እንዲያውም ፒ ኦ ፖሎኒየም ነው። ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1813 እና 1814 ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ የተነሳው ከላቲን ስሞች ነበር፦ ሶዲየም ናትሪየም ነውና ኤን ኤ፣ ፖታሲየም ካሊየም ነውና ኬ፣ ብረት ፌረም ነውና ኤፍ ኢ፣ ወርቅ አውረም ነውና ኤ ዩ። ከ118ቱ ንጥረ ነገሮች ከእንግሊዝኛ ስማቸው ጋር የማይገጥሙት 11 ብቻ ናቸው። እነሱን መሸምደድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

በአማርኛው ስም መሳሳት። ይሄኛው ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው፤ መጻሕፍቱም ብዙ አያወሩበትም። እርሳስ የምንለው ንጥረ ነገር ምልክቱ ፒ ቢ ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ግን እርሳስ የለም፤ ግራፋይት ነው፣ ማለትም ካርቦን፣ ምልክቱም ሲ። ቆርቆሮ የተባለው ንጥረ ነገር ኤስ ኤን ነው፤ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብርም ኤ ጂ ነው፣ የኪሳችን ብር ወረቀት ቢሆንም።

ማግኒዚየምና ማንጋኒዝን ማደባለቅ። የመጀመሪያው ኤም ጂ፣ ሁለተኛው ኤም ኤን። ስማቸው ውስጥ ጂም ኤንም ስላለ ነው የሚያምታታው።

ከምልክቱ በኋላ ነጥብ ማድረግ። አይደረግም። ምህጻረ ቃል አይደለም።

ቁጥሩን ያለ ቦታው ማስቀመጥ። ከኤች ፊት 2 ከተጻፈ ሁለት ያልተጣመሩ የሃይድሮጅን አቶሞች ናቸው። ከኤች በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ ከግርጌ ከተጻፈ ግን ሁለቱ ተጣምረው የሠሩት አንድ ሞለኪውል ነው። በርዜሊየስ ራሱ ይህን ቁጥር ከላይ ነበር የሚጽፈው። ዛሬ ከላይ በስተቀኝ ያለው ቦታ የኤሌክትሪክ ቻርጅ (የፕላስ ወይም የማይነስ) ነው።