በአብዮት መካከል ልጅ ማሳደግ፦ ከቀይ ሽብር ዘመን የሚወሰድ ትምህርት

በኅቡዕ ትግል ውስጥ ያለ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ልጁ ማወቅ የሌለበትን ነገር መለየት ይኖርበታል። ደርግ ተቃዋሚዎቹን በገደለበትና ባሰረበት በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ እንደታየው፣ ፈታሽ ከደጅ በደረሰ ጊዜ ልጅም ሊጠየቅ ይችላል። የእንግዶችን ስምና የወረቀቶችን መደበቂያ የማያውቅ ልጅ የሚናገረው አይኖረውም፤ ካደገም በኋላ «አባቴ የተያዘው በእኔ አፍ ነው» ከሚል ጸጸት ይድናል። ሕፃን አይጠረጠርም በሚል ስሌት በራሪ ወረቀት ማስያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ በሜይዴይ (በዓለም የሠራተኞች ቀን) ዋዜማ፣ ከተገደሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። እምቢታው ወላጁ የሚታገልበትን ድርጅት ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቅር ይበለው።

ሁለተኛው ሥራ ወላጅ ቢታሰር ወይም ቢሰደድ ልጁን የሚረከበውን ሰው አስቀድሞ መምረጥ ነው። አያት፣ አክስት ወይም የክርስትና እናት ልትሆን ትችላለች፤ ነገር ግን አንዱ ሲያዝ ሌላው ስለሚከተል፣ ተረካቢዋ ከወላጁ ጋር በአንድ ድርጅት ውስጥ ባትሆን ይመረጣል። የልደትና የክትባት ማስረጃ፣ ቅያሪ ልብስና ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ እርሷ ዘንድ ይቀመጥ፤ ልጁም ቤቷን እንዲለምድ በደኅናው ቀን እየሄደ ይደር።

ከሁሉ የሚከብደው እውነቱን መንገር ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉትን ማልቀስ እንኳ ለብዙ ቤተሰቦች ተከልክሎ ስለነበር፣ «ውጭ አገር ሄዷል» የሚለው መልስ ለልጅ የቀረበ ይመስል ነበር። ነገር ግን ልጁ በሩን እያየ ዓመታት ይጠብቃል፤ እውነቱንም ከጎረቤት ልጅ ስድብ ይሰማዋል። ስለዚህ «አባትህ ታስሯል፤ ሰርቆ ሳይሆን በሐሳቡ ነው፤ መቼ እንደሚፈታ አናውቅም» ማለት ይሻላል። ከሞተም «ሞቷል» ይባል፤ ድንኳን መጣል ባይቻል እንኳ በጓዳ ፎቶግራፉን አስቀምጦ ከልጁ ጋር ማልቀስና መጸለይ ይቻላል። ለትምህርት ቤትም «እኔ አላውቅም፣ አያቴን ጠይቋት» የሚል አጭር መልስ ይበቃዋል፤ ረጅም የፈጠራ ታሪክ ማስጠናት ሕፃኑን ያስጨንቃል፣ ያጋልጠዋልም።

መፈክር ማስጠናትም ይቅር። ያኔ ወንድማማቾች በሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ድርጅቶች፣ በኢሕአፓና በመኢሶን፣ ተለያይተው እንደነበር ያስታወሰ ወላጅ፣ ልጁ የባላንጣውን ልጅ እንዲጠላ አያደርግም፤ አብረው ኳስ ሲጫወቱም አይከለክልም።